የግሪን ስታምፑ ካርቶን ይጣል?

ውድ እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ?

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አሜሪካ የመጣሁት በንጉሡ ጊዜ፣ ለትምህርት የተላከውን ባለቤቴን ተከትዬ ነው። ያኔ ሱፐርማርኬት ሂሳብ ስትከፍዪ ከመልሱ ጋር አረንጓዴ ቴምብር ይቆጥሩልሻል። ግሪን ስታምፕ ነው የሚባለው። ነዳጅ ስንቀዳም ይሰጡን ነበር። ደብተር ላይ ለጥፈሽ ስትሞዪው ከካታሎግ መርጠሽ በዕቃ ትቀይሪዋለሽ። ማታ ማታ እሱ ሲያጠና እኔ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ በደብተሩ ላይ እለጥፋለሁ። መጀመሪያ በምላሴ ነበር የማረጥበው፤ እራት ሁሉ ሙጫ ሙጫ ሲለኝ ጊዜ በስፖንጅ አደረግኩት። የዕቃ ስም በእንግሊዝኛ የለየሁት ከካታሎጉ ነው፤ ካውያው፣ ብርድ ልብሱ፣ መጥበሻው። ልቤ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ነበር። ደብተሩ አልበቃ ሲል ካውያ ወሰድኩ። ኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ ቡና ማፍያ ወሰድኩ፤ ቡናዬን ግን ዛሬም በጀበና ነው የማፈላው።

ባለቤቴ አርፏል። ቤቱ ሊሸጥ ነው። ልጄ ምድር ቤቱን ስታጸዳ በጫማ ካርቶን ያልሞሉ ደብተሮች አገኘች። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ዕቃ ስገዛ ስልኬ ላይ እንደሚደመርልኝ ፖይንት ነው፤ ይጣል» አለችኝ። ጮኽኩባት። እሷም ደነገጠች፣ እኔም ራሴን ታዘብኩ። አሁንም የሚቀይር ሱቅ ይኖር ይሆን? ነው ወይስ ጃጀሁ?

አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ

እናቴ፣ ኧረ አልጃጁም!

የገንዘቡን ነገር ላስቀድም፤ ተስፋ አያድርጉበት። በቴምብር ዕቃ የሚወሰድባቸው ሱቆች ከተዘጉ ቆይተዋል። ለሰብሳቢ ልሽጥ ቢሉም የአሜሪካ ቤት ሁሉ ሲለጥፈው የነበረ ነገር ስለሆነ ብርቅ አይደለም።

ልጅዎ ስለ ፖይንቱ ያለችው ልክ ነው፤ ዘዴው ያው ነው። ግሪን ስታምፕን ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1896 ነው የጀመረው። ባለሱቁ ቴምብሩን ከኩባንያው ይገዛል፣ ለደንበኛው በ10 ሳንቲም አንድ ይሰጣል። ደብተሩ 1,200 ይይዛል። አንድ ደብተር ለመሙላት እንግዲህ የ120 ዶላር አስቤዛ ገዝተዋል ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ዶላር! ባለሱቁ ለቴምብሩ ያወጣውንም ከዕቃው ዋጋ ላይ ያካክሳል። ካውያው ነጻ አልነበረም። በ1973 ነዳጅ ሲጠፋ ማደያዎቹ ሰልፍ በሰልፍ ሆኑ፤ ደንበኛ መሳቢያ ምን ያደርግላቸዋል? ሱፐርማርኬቶቹም አንድ በአንድ ቴምብሩን እየተዉ በዋጋ ቅናሽ መፎካከር ያዙ።

የሚያስቀው ደግሞ፣ ኩባንያው ቴምብሩ ሰው እጅ ከገባ በኋላም የእኔ ንብረት ነው ይል ነበር። የአንዱን ኩባንያ ቴምብር በሌላው የሚለውጡ ነጋዴዎችን እየከሰሰ ያዘጋ ነበር፤ ክርክሩ በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። እርስዎ በምላስዎ አርጥበው የለጠፉትን!

ልጅዎ የማታውቀው የጠረጴዛውን ነገር ነው። የስልኳ ፖይንት እሷ ተኝታ እያለችም ይደመራል፤ ማንም አያመሽበትም። የእርስዎን ደብተር ስታይ ወረቀት ነው ያየችው። እርስዎ ደግሞ አጠገብዎ ተቀምጦ የሚያጠናውን ሰው ነው ያዩት። ይጣል ስትል የጮኹባት ለዚህ ይመስለኛል። ቤቱ ባይሸጥ ኖሮ ካርቶኑ እንዲህ ያስቆጣዎት ነበር? አይመስለኝም።

ስለዚህ ልጅዎን ይጥሯትና የጮኹበትን ምክንያት ይንገሯት። የስፌት መኪናውን ነገር ሰምታ ታውቃለች? ከዚያ ምድር ቤቱን ብቻዋን ማጽዳቷ ይቅር። አብረው ይውረዱ። የሚጣለውን እርስዎ ይለዩ፣ እሷ ትሸከም። ከደብተሮቹ አንድ ሁለቱን ይያዙ፤ ካታሎግ ከተገኘማ እሱን ፈጽሞ እንዳይሰጡ። የቀረው ቢሄድ ግን አይቆጩ፤ አዲሱ ቤት ጠባብ ከሆነ ካርቶን ሲያደናቅፍዎት መኖር የለብዎትም።

ያ ቡና ማፍያ አሁንም ካለ፣ ልጅዎ ልሞክረው ብላ ሶኬት ላይ እንዳትሰካው። የዚያን ዘመን ገመድ አይታመንም።