ሃርድ ዲስክ እምቢ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ሥራ ቀለል ስላለኝ፣ ዲስክ እምቢ ያላችሁ ጠይቁኝ። ይህን እያነበባችሁ የታመመው ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንቀሉት።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ፎቶ ቤት አለኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዴስክቶፑ ዲስኩን ማየት ተወ። ሲነሳ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የሦስት ሠርግ ፎቶ አለበት። ፈትቼ ልየው?

መልስ፦ እንዳትፈታው ወንድሜ! ውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይዞራል፤ የሚያነበው ጫፍ ደግሞ ከፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ ባነሰ ክፍተት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ክዳኑን ስትከፍት የሚገባው አቧራ ለዚያ ጫፍ ቋጥኝ ነው። ጠቅታው አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ቦታውን ፈልጎ እያጣ ሲመለስ የሚሰማ ነው፤ ባስነሳኸው ቁጥር ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። ግን ተስፋ አትቁረጥ። መብራቱ የጎዳው ፓወር ሰፕላዩን ከሆነም ኃይል ያነሰው ዲስክ እንዲሁ ጠቅ ይላል። በሌላ ፓወር ሰፕላይና በሌላ ኬብል አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው። ያው ከሆነ አጥፋው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አቧራ አልባ ክፍል ያላቸው ባለሙያዎች ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከተመሳሳይ ዲስክ ከሥሩ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነቅዬ ብገጥምለትስ?

መልስ፦ የድሮዎቹ ላይ ይሠራ ነበር። ያሁኖቹ ቦርድ ላይ ግን የዚያው ዲስክ ብቻ የሆነ ልኬት የያዘ ቺፕ አለ፤ እሱ ካልተዛወረ ባዕድ ቦርድ ዲስኩን አያውቀውም።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ መምህር ነኝ። 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስኬ ምንም ድምፅ የለውም፤ ስሰካው ግን ዊንዶውስ «ፎርማት ይደረግ?» ይለኛል።

መልስ፦ መምህር፣ እሺ እንዳይሉት። ዲስክ ቼክ የሚባለውንም አያስኬዱ፤ እያስተካከልኩ ነው ብሎ በታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል። ፋይሉ አለ፣ የጠፋው ማውጫው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤና መዝገብ ይዩ፤ 5 እና 197 ቁጥር ረድፎች ላይ «Raw» በሚለው ዓምድ ከዜሮ በላይ ካለ ሳህኑ እየተበላሸ ነው።

ያኔ ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ የሚያስነሳ ፍላሽ ያዘጋጁና ዲዲሬስኪው በሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክ ወደ ሌላ ሰፋ ያለ ዲስክ ይገልብጡ። መጀመሪያ ቀላሉን ይለቅማል፣ ለክፉው ቦታ ኋላ ይመለሳል። ጤነኛ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሰጥ 3 ሰዓት ያህል ነው፤ የታመመው ቀናትም ሊወስድ ይችላል። የት እንደደረሰ የሚመዘግበውን የማፕ ፋይል እንዳይረሱ፤ እኔ አንድ ሌሊት መብራት ሁለቴ ሄዶብኝ ካቆመበት የቀጠለው በእሱ ነው። ምንጩንና መድረሻውን ካቀያየሩ ግን ባዶው ዲስክ በፋይሎችዎ ላይ ይገለበጣል፤ መጠኑን አይተው ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ከዚያ በቅጂው ላይ የጠፋውን ማውጫ የሚጠግነውን ቴስትዲስክን፣ ካልሆነ ፋይሎቹን አንድ በአንድ የሚለቅመውን ፎቶሬክን ያስኬዱ። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ጥያቄ (ዲማ ጊዮርጊስ)፦ የየኔታን ቅኔ የቀዳሁበትን ሜሞሪ ካርድ ልጅ አጠፋብኝ።

መልስ፦ ዲያቆን፣ ካርዱ ላይ ሌላ ነገር አትቅዳ፤ አዲሱ በአሮጌው ቦታ ይተኛበታል። ፎቶሬክ ድምፅም ያወጣል፣ ግን ያወጣውን ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጥ። የፋይሉን ስም አይመልስም፤ አንድ በአንድ እያዳመጥክ ትለያለህ። የኔታ ያንኑ ቅኔ ዳግመኛ አይዘርፉትምና ድካሙ ይገባዋል።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር እውነት ይሠራል? የሚዞር ሳህን የሌለው ኤስኤስዲ ዲስክስ?

መልስ፦ ፍሪዘሩን ለሥጋ ተይው እታለም። በተለይ እናንተ ጋ፣ ከቅዝቃዜው ሲወጣ ላብ ያልበዋል፤ እርጥበትና የሚዞር ሳህን አይስማሙም። ከላፕቶፕ ኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ ተስፋው ቀጭን ነው፤ ትሪም የሚባለው አሠራር ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል።

ጥያቄ (ቡሬ፣ የፎቶ ቤቱ)፦ ጋሼ፣ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፤ ጠቅታው ቆመ፣ ሠርጎቹም አሉ! አሁን ዊንዶውስ በአዲስ ልጫንበት?

መልስ፦ ኧረ በሥላሴ! መጀመሪያ ሙሽሮቹን ወደ ሌላ ዲስክ አሻግራቸው።