መልስ፦ ሁለት ጎማ ብቻ መቀየርና የሱባሩ ኤስቲአይ ዘይት

ወንድሜ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሱባሩ ኤስቲአይህ የኋላዎቹን ሁለት ጎማ ብቻ ልቀይር ወይ ላልከው፦ አይሆንም። መኪናው በአራቱም እግር ስለሚነዳ በጎማዎቹ ዙሪያ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ በጥርስ ጥልቀት ሲሰላ 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የፊቶቹ 4 ሚሊሜትር ቀርቷቸው ከኋላ 8 ሚሊሜትር ያለው አዲስ ብታስገባ፣ ዙሪያው በ25 ሚሊሜትር ይለያያል፤ የመሃሉ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ማርሽ) ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ሲፋተግ ይውላል፣ ይግላል፣ ይበላል። አራቱንም 245/40 አር 18 ግዛ፣ አንድ ዓይነት፣ የፍጥነት ምልክቱ (ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚያሳየው ፊደል) ከደብሊው (W) የማያንስ። ቨርጂኒያ ስላለህ የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንደሚደርቅና መያዝ እንደሚያቅተው አትርሳ። ጎሚስታው «አዲስ ነው» ቢልህም ጎኑ ላይ ያሉትን የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩ አራት አሃዞች እይ፤ 2319 ማለት የ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛ ሳምንት ነው።

ወደ ሞተር ዘይቱ ስንመጣ፣ ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ብታየው አይበዛም። ሜዳ ላይ አቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቅ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ ጥረግ፣ እስከ መጨረሻው መልሰህ ክተትና እንደገና አውጣ። የዘንጉ ሁለት ገጾች የተለያየ ያሳያሉ፤ ዝቅ ያለውን እመን። በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው 1 ሊትር ያህል ስለሆነ ሩብ ሩብ ሊትር እየጨመርክ እይ። ካነሰ ኩርባ ላይ ፓምፑ አየር ይስብና ብሮንዙ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት መቀመጫ) ይበላል፤ ያኔ ኳኳታ ከሰማህ የሚጠብቅህ የሞተር እድሳት ነው። ከበዛም አረፋ ይሠራል። ሳትጨምር ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ሳትነዳ አስመርምር።