ወፍ ይዘምራል ወይስ ይንጫጫል?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወንበር ይዤ ጓሮ እወጣና ወፎቹን እሰማለሁ። በቀደም ለጓደኛዬ ‹በዚህ ጸደይ አዕዋፎች በጓሮዬ ሲዘምሩ መንፈሳዊ ምቾት አገኛለሁ› ብዬ ጻፍኩላት። እሷ ግን ‹ወፍ ይንጫጫል እንጂ አይዘምርም፤ ይሄ የፈረንጅ አማርኛ ነው› አለችኝ። እውነቷን ነው?»

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይቺን «ያጽናዎት» ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጓደኛዎ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ፈረንጅ መሸሸጉን በደንብ አሽትታለች። የያዘችው ግን የአገሩን ሰው ነው።

እስቲ መጀመሪያ «ይንጫጫል»ን እንየው። «ተንጫጫ» ብዙ አፍ ይፈልጋል። አስተማሪው ከክፍል ሲወጣ ልጆች ይንጫጫሉ። ስብሰባ ላይ ሁሉም እኩል ሲናገር «ኧረ አትንጫጩ!» ይባላል። «ወፍ ሲንጫጫ ተነሳሁ» ስንልም የምናወራው ስለ አንዲት ወፍ አይደለም፤ ዛፉን ስለሞላው ወፍ ሁሉ ነው። አንዲት ወፍ ብቻዋን ቅርንጫፍ ላይ ሆና «ተንጫጫች» ቢሉኝ «ሌሎቹስ የት ሄዱ?» ማለቴ አይቀርም። ደግሞም ቃሉ ትንሽ ምሬት አለበት። «ጫጫታ» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሰው ጫጫታን ይሸሻል እንጂ ወንበር ይዞ አይወጣለትም።

ሌላው «ይጮኻል» ነው። ይሄ ለሁሉም የሚሆን፣ ወገን የማይለይ ግስ ነው። ዶሮ ይጮኻል፣ ስልክ ይጮኻል፣ የተራበ ሆድም ይጮኻል። ተረቱም «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ነው የሚለው። የምንተርተው ለሰው ነው፤ የወፍ አጥኚዎች ግን ነገሩን ቃል በቃል እውነት ሆኖ አግኝተውታል። በሰሜን አሜሪካ ራሱ ላይ ነጭ መስመር ያለው አንድ የድንቢጥ ዓይነት አለ። ዝርያው አንድ ነው፤ ዜማው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጫጩቱ በተፈለፈለ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰፈሩን ዜማ ከትልልቆቹ ሰምቶ ይይዛል። አጥኚዎቹም ልዩነቱን የሚጠሩት «ዘዬ» ብለው ነው፤ ልክ እኛ የሰውን አነጋገር እንደምንጠራው። የቋንቋ ሰው ስለሆንኩ ይቺን ሳልነግርዎ ማለፍ አልቻልኩም።

እነዚሁ አጥኚዎች የወፍን ድምፅ ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ጥሪ ነው፦ አጭር፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሰማ፣ «ድመት መጣች» ወይም «እዚህ ነኝ» የሚል። ሌላው ዜማ ነው፦ ረዘም ያለ፣ ቅርጽ ያለው፣ የሚደጋገም። ዜማው የሚበዛው በመራቢያ ወቅት ነው። አራቱ ወቅቶች በሚፈራረቁበት አገር ደግሞ ቀኑ መርዘም ሲጀምር የወፉ ሆርሞን ይነሳሳል፤ ጸደይ ላይ ጓሮው የሚደምቀው በዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት እኔም ለዚህ መልስ ብዬ መስኮት ከፍቼ አንዷን አዳመጥኩ። ሦስት አጫጭር ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ዝምታ። ከወዲያኛው ዛፍ ሌላ ወፍ ያንኑ መለሰላት። ጉሮሮዋ ሥር ያለው ላባ በየድምፁ ይርገበገባል። ሳያት «ጮኸች» ለማለት አንደበቴ እንቢ አለ፤ «ተንጫጫች»ማ ጭራሽ። የቀረኝ «አዜመች» እና «ዘመረች» ነበር።

የጓደኛዎ ቅሬታ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ዛሬ «መዝሙር» ሲባል አምልኮ፣ «ዘፈን» ሲባል ዓለማዊ ነገር ነው የሚታሰበን። ይሁንና ብሔራዊ መዝሙር አምልኮ አይደለም፤ «ይሄማ መዝሙር አይባልም» ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም። «ዘፈነ»ም በግዕዝ «ጨፈረ» ነበር፤ ወደ ድምፅ የመጣው ኋላ ነው። ቃል ይንቀሳቀሳል። ደግሞ ይሞክሩት እስቲ፦ «ወፏ ዘፈነች።» አይሆንም፣ አይደል? አማርኛ ራሱ ወፍን ከመዝሙር ወገን አስቀምጧታል።

ይህን ስል ብዙ ሰው ቅዱስ ያሬድን ይጠቅስልኛል፦ «ዜማን ያስተማሩት ሦስት ወፎች አይደሉም እንዴ?» ስንክሳሩን ቀረብ ብሎ ላነበበው ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሦስቱ አዕዋፍ ከገነት መጥተው በሰው ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ ዜማውን የተማረው እዚያ ከ24ቱ ካህናተ ሰማይ ነው። ስለዚህ ይሄ ማስረጃ እኔን አይረዳኝም። ወፎቹ ተናገሩ እንጂ ዘመሩ አልተባለም።

ይልቅ የሚረዳኝ መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ቁጥር 12 ነው። አበባ ታየ ካለ በኋላ ዕብራይስጡ የ«ዛሚር» ጊዜ ደረሰ ይላል። ዛሚር የእኛ «ዘመረ» የሥጋ ዘመድ ነው። ችግሩ ዕብራይስጥ በነዚያው ሦስት ፊደላት «መከርከም»ንም ይላል። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም የወይን መከርከሚያ ጊዜ ነው ብሎ ወሰደው፤ ሌሎች የዜማ ጊዜ አሉት። ከሥሩ የቁርዬ ድምፅ ተሰማ የሚል ስለሚከተል፣ ቁርዬም የርግብ ዓይነት ወፍ ስለሆነች፣ እኔ ለዜማው አደላለሁ። ወፍ፣ ጸደይና «ዘመረ» ፈረንጅ አማርኛን ከመንካቱ በፊት ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ታዲያ ፈረንጁ የት አለ? «መንፈሳዊ ምቾት» ውስጥ ነዋ። ምቾት የሥጋ ነው። ጫማ ይመቻል፣ አልጋ ይመቻል። ወጣቶች «ሙዚቃው ተመችቶኛል» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ «ወደድኩት» ነው። እናቱን ያጣ ሰው ጓሮ ወጥቶ «ምቾት አገኘሁ» ሲለኝ ወንበሩ ትራስ ያለው ይመስለኛል። የእርስዎ ነገር «መጽናናት» ነው። ሥሩ «ጸና» ነው፤ ጠነከረ፣ አልተነቃነቀም። መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳት «ያጽናዎት» ከዚሁ ሥር ናት። አማርኛ ሐዘንተኛን ሲያጽናና «ልብህ ይለስልስ» አላለም፤ «ቁም፣ አትውደቅ» ነው ያለው።

ግዕዙ ለዚሁ ነገር «ናዘዘ» የሚል ሌላ ግስ ነበረው፤ አጽናና ማለት ነው። እኛ «ተናዘዘ»ን ኃጢአት ለመናገርና ንብረት ለማውረስ ወሰድነው። የተናዘዘ ሰው ፊቱ ቀለል ሲል ሳይ ግን ቃሉ የድሮ ትርጉሙን ጨርሶ አልጣለም እላለሁ። ሐዘን የሌለበት ሰው ከሆነ ደግሞ «ነፍሴ መለስ ትላለች» ወይም «ልቤ ይረጋል» ይበቃዋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ቀሩ። «አዕዋፍ» ራሱ ብዙ ነው፤ «አዕዋፎች» ሲሉ ሁለቴ አበዙት። ወይ «ወፎች» ወይ «አዕዋፍ» ይበሉ። «ጸደይ»ም ያከራክራል። በዘመን አቆጣጠራችን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ብዙ ሰው ግን ከክረምት በኋላ ያለውን የአበባ ወቅት ጸደይ ይለዋል፤ የዚያ ስሙ መጸው ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ወሩን ቢጠቅሱ አንባቢዎ አይደናገርም።

እንግዲህ ለጓደኛዎ እንዲህ ብለው ይጻፉላት፦ «በዚህ ጸደይ ወፎች በጓሮዬ ሲዘምሩ እጽናናለሁ።» ከፈለገች መጥታ ትስማ። ግን በማለዳ ይጋብዟት። እኩለ ቀን ላይ ከመጣች «ወፍ የለም!» ብላ ትመለሳለች፤ ያኔ ደግሞ አማርኛዋ በሁለቱም ትርጉሙ ልክ ይሆናል።