«ደሞዝ አይከፈለኝም» የሚልን ሰው እንዴት እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ዓመት በሙያ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሳላስበው ተጠቆምኩ፣ እጅ ወጣ፣ የቦርድ አባል ሆንኩ። ሰባት ነን። ስብሰባ የሚመጣው ግን ሦስት ወይ አራት ሰው ነው። ገንዘብ ያዣችን ስድስት ወር ሙሉ ሪፖርት አላቀረበም። ስጠይቀው «እህቴ፣ እኔ እኮ ደሞዝ አይከፈለኝም» አለኝ፤ አፌን ይዤ ቀረሁ። ሰርቋል ብዬ አላስብም። መልቀቂያዬን ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ላስገባው ወይስ ልታገሥ?
ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መልቀቂያው ለጊዜው ቦርሳሽ ውስጥ ይቆይ።

እኔም በአንድ የሙያ ማኅበር ቦርድ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አራቱን በጸሐፊነት። ያቺን «ደሞዝ አይከፈለኝም» የምትል ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግርሽም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ግን ማኅበራችንን ከገንዘብ እጥረት በላይ የጎዳችው እሷ ናት፣ ምክንያቱም ከተባለች በኋላ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ለአባሎቻችን የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጅተን ነበር። አዳራሹን በነፃ የፈቀደልን መሥሪያ ቤት «እስከ 10 ሰዓት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አምጡ» አለን። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ፊርማውም አለ። ማኅተሙ ግን ሊቀመንበራችን መኪና ውስጥ ነው፣ መኪናው ሐዋሳ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። አዳራሹ ለሌላ ተሰጠ። ከየክፍለ ሀገሩ ትኬት ለቆረጡት ሰዎች አንድ በአንድ እየደወልኩ «ቀርቷል» ያልኩት እኔ ነኝ። አንዷ ልጇን ለእናቷ አደራ ሰጥታ መናኸሪያ ደርሳ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ነገሩን ያነሣው ሰው የለም። ሻይ ጠጣን፣ ስለ ቀጣዩ ዕቅድ አወራን፣ ተለያየን። ይሉኝታ ያዘን። ሰውየው ጊዜውንና ቤንዚኑን እየሰጠ እንዴት ይወቀሳል? ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል። ያን ቀን ብንናገር ኖሮ ማኅተሙ ቢሮ ይቀመጥ ነበር፣ እሱም ሁሉን ነገር ብቻውን ከመሸከም ያርፍ ነበር።

እስቲ የሰፈራችንን ዕድር እዪ። ዳኛውም ጸሐፊውም የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ጊዜያቸውን ነው የሚሰጡት። ግን ገንዘብ ያዡ ቀኑ ሲደርስ ደብተሩን ይዞ ይቀርባል፣ ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። እናቴ አንዴ ተቀጥታ ታውቃለች፤ ከፈለች፣ በሚቀጥለው ወር እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ የተቀየመም ያኮረፈም የለም። እኛ የተማርነው ሰዎች ማኅበር ስናቋቁም ይህን ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብ ያዡን ለብቻው አግኚው። ቡና ጋብዢውና «ምኑ ነው የከበደህ?» በይው። የእኛው ገንዘብ ያዥ ለወራት ሲሸሸን ቆይቶ፣ በኋላ ስንጠይቀው ደረሰኙን ሁሉ በሁለት ፌስታል አጭቆ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶበት ኖሯል። አንድ ቅዳሜ ሁለት ሆነን ቤቱ ሄድን። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደረሰኙን በየወሩ ደረደርነው፣ ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር አስተያየነው፣ ሲመሽ አለቀ። አንድም ብር አልጎደለም። ያን ማታ ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም።

ከዚያ ጥያቄው ካንቺ አፍ እንዳይወጣ አድርጊ። የስብሰባ ቀናችሁ ይቆረጥ፣ ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ። የመጀመሪያው አጀንዳ ሁልጊዜ የሒሳብ ሪፖርት ይሁን፣ አንድ ገጽ፦ ምን ነበረን፣ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ። ሒሳቡ ኖረም አልኖረም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን አንቺ ተነሥተሽ «አምጣ» አትዪውም፣ አጀንዳው ራሱ ይጠይቀዋል።

ደግሞ ይህ የእናንተ የቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ማኅበር በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ያ ሪፖርት ሲጠፋ የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው፣ ማለትም እናንተ ሰባታችሁም።

ስለሚቀሩት ሰዎች፣ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የእኛው «ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ምክንያት የቀረ ይሰናበታል» ይል ነበር፣ ለዓመታት ያነበበው ሰው አልነበረም። ባንክ የሚፈርሙት ሁለት ብቻ ከሆኑም ሦስተኛ ተጠባባቂ ፈራሚ ጨምሩ። በጤና ሙያ ሰው ድንገት ውጭ ሀገር ይሄዳል፣ ያኔ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ፣ ፈራሚ ለመተካት ለባንኩ የሚሆን ቃለ ጉባኤ ከየት ይመጣል?

ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ በቃለ ጉባኤ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ አሁንም ሒሳቡ ካልመጣ፣ ያኔ መልቀቂያሽን አውጪው። ግን በር ዘግተሽ ዝም ብለሽ አትውጪ። ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆመሽ ለምን እንደምትለቂ ተናገሪ፤ የመረጡሽ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ውስጥ 400 ሰው ተመዝግቧል፣ መዋጮ የሚከፍለው ግን ከ50 አይበልጥም። በቴሌግራም ግሩፓችን በየሳምንቱ እናሳስባለን፣ የሚሰማን የለም።
ከባሕር ዳር

መልስ፦ በግሩፕ የተላከ ማሳሰቢያ ለማንም አልተላከም። ስም ዝርዝሩን ለቦርድ አባላት አካፍሉና በስልክ ደውሉ። መዋጮ ትንሽ ነው ብላችሁም አትናቁት። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 «የኢትዮጵያ» ተብለው የተመዘገቡትን ማኅበራት ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ እንዳያገኙ ሲገድብ፣ ከአባል ኪስ የሚመጣ ብር ምን እንደሚያህል ብዙ ማኅበር የገባው ያኔ ነው።

አባሉም ምን እንደሚያገኝ ይወቅ። የጤና ባለሙያዎች ከሆናችሁ ለፈቃድ እድሳት የሚጠየቀውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ማመቻቸት አንዱ ነው።

ስትደውሉ ግን ከብሩ አትጀምሩ። «ሥራ እንዴት ነው? ምን ቸገረህ?» በሉ። እኔ አንድ ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚሠራ አባላችን ዘንድ ደውዬ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ ሥራው አወራን። «በአምስት ዓመት ውስጥ ከማኅበሩ ሲደወልልኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። ስለ መዋጮ ሳላነሣ ስልኩን ዘጋን። ማታ የሦስት ዓመቱን አስገብቶ የደረሰኙን ፎቶ ላከልኝ።