ኔጋቲቭላንድን ኮምቦልቻ ላይ ለሰው ላሰማ ላልከው ወንድሜ

«ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ኔጋቲቭላንድን ካገኘሁት ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማም፤ ጓደኞቼ ግን ‹ሬዲዮህ ጣቢያ አልያዘም› ይሉኛል። ሰው ሰብስቤ አንድ ምሽት ላሰማ ብል ከየት ልጀምር?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ደሴ ላይ አድርጌዋለሁ። ኔጋቲቭላንድ ከሬዲዮና ከማስታወቂያ በተቆረጠ ድምፅ ሙዚቃ የሚሠራ የካሊፎርኒያ ባንድ ነው፤ ባንዱን እንደኔው ስለወደድከው ከዚህ ያለፈውን አልደግምልህም፤ በቀጥታ ወደሚያቃጥለው ልግባ።

1. የዝግጅቱ ፈቃድ ተፈርሞ ማኅተም አርፎበት እጅህ ሳይገባ ለአዳራሽ ቀብድ እንዳትከፍል። የአዳራሹ ባለቤት «ቀኑን ሌላ ሰው ሊይዝብህ ነው» እያለ አጣድፎ ብሩን ተቀበለኝ። ፈቃዱ ሲዘገይ ስልኬን ማንሳት ተወ፤ ገንዘቡ በዚያው ቀረ። ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ የባሰ ነበር። ማመልከቻዬን የተቀበለው ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ባንዱ መቼ ነው ደሴ የሚገባው?» አለኝ። ባንዱ አይመጣም፣ የተቀዳ ሥራቸውን ነው የማሰማው አልኩት። «ዘፋኙስ ማነው?» አለ። ዋናው ሥራቸው መዝፈን እንዳልሆነ፣ ከሬዲዮ፣ ከማስታወቂያ፣ ከስብከት፣ ከስልክ ንግግር ድምፅ እየቆረጡ እንደሚገጣጥሙ ማስረዳት ስጀምር እስክሪብቶውን አስቀመጠና «የኔ ወንድም፣ እኛ እዚህ ሥራ አለብን» አለኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ። በሌላ ቀን ስመለስ የግጥሞቹን ትርጉም አያይዘህ አምጣ ተባልኩ። ከመቶ ቦታ ለተለቃቀመ የሰው ንግግር የምን የግጥም ትርጉም ነው የማያይዘው? ሰው የማያውቀውን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሳይሰማ ማንቋሸሹ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካፌ ያለው ጓደኛዬ «አብሽር፣ እኔ ጋ አድርገው» አለኝ። ካፌው ድሮም ሙዚቃ ይከፍታል፤ የዚያን ምሽት የኔን ከፈተ፣ በቃ። አንተም አዳራሹን ተወውና ካፌ ፈልግ።

2. በክሱ ታሪክ አትጀምር። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ነጠላ ሥራ ነው፤ የታዋቂውን የአየርላንድ ባንድ ስም ሽፋኑ ላይ በትልቁ ጽፈው፣ ዘፈኑን ቆራርጠው ተጠቀሙና የዚያ ባንድ አሳታሚ ኩባንያ ከሰሳቸው። ቅጂዎቹ ከገበያ ተሰብስበው እንዲወድሙ ተደረገ። ታሪኩ ትልቅ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን እሱን ካስቀደምክ ሰው ሙዚቃውን ትቶ ስለ ፍርድ ቤት ሲከራከር ያመሽብሃል። ለወጣቶቹ የ1997ቱን አልበም አስቀድም። የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያዎችን ቆራርጠው ሙሉ አልበም ሠርተውበታል፤ እዚህ አገር ሚኒባስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የኤፍኤም ማስታወቂያ የሚሰማ ሰው ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ ምን እየተደረገ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። እኛ ካፌ መጀመሪያ የሳቁት አስተናጋጆቹ ናቸው።

ደግሞ በቀጥታ ከኢንተርኔት አታጫውት፤ አውርደህ ያዝ። መሃል ላይ እውነተኛ ማስታወቂያ ቢገባ ማንም ሰው ከሥራው አይለየውም። ስፒከሩም ግራና ቀኝ ሁለት ይሁን፤ ግማሹ ጨዋታ ድምፁ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

3. የ1987ቱን አልበም ስታሰማ የሰባኪውን ድምፅ የያዘውን ሥራ ሳታስረዳ እንዳትከፍት። ደሴም ኮምቦልቻም ሃይማኖት የሚከበርባቸው ከተሞች ናቸው፤ ያለ ማብራሪያ ከሰሙት የክርስትና ስድብ ይመስላቸዋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይቀየምሃል። ነገሩ ሌላ ነው። አንድ አሜሪካዊ ሰባኪ ኮሚኒስቶች አገሩን ቢይዙ በየቦታው ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ክርስትና ቂልነት ነው፣ ኮሚኒዝም ጥሩ ነው እያሉ ቀኑን ሙሉ ይለፍፋሉ ብሎ ምእመናኑን ያስጠነቅቃል። ባንዱ ማስጠንቀቂያውን ቆርጦ ጣለና ልፈፋውን ብቻ አስቀረ። ከሥሩ ከባድ ጊታርና ከበሮ ገባ። ሰባኪው የፈራውን ነገር በገዛ አፉ ሲለፍፍ ትሰማዋለህ፤ ደጋግሞ፣ ድምፁን እየጎተተ።

ይህን በአማርኛ ካስረዳሁ በኋላ ከፈትኩት። ጥግ ላይ ሻይ ይዘው የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ለኔ ዝግጅት የመጡ አልነበሩም። ሲያልቅ «ልጄ፣ ይኼንን እኮ እኛ ኖረነዋል» አሉ። «የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከመስኮታችን ትይዩ ነበር። ጧት ማርሽ፣ ከማርሹ በኋላ መፈክር።» ከዚያ «እስቲ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። በደርግ ዘመን ያደገ የደሴ ሰው ይህን ሥራ ካሊፎርኒያ ከተቀመጠው በላይ ይሰማዋል ብል ማጋነን አይደለም። እንዲህ ያለውን ጆሮ ነው ያ ቢሮ ሥራ አለብን ብሎ የመለሰው!

ስለዚያው ሥራ የሚጠይቅህ ካለ ተከታዩንም ንገረው። በ1988 ባንዱ ሥራው ሚኔሶታ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ላይ ከደረሰ ግድያ ጋር ተያይዞ እየተመረመረ ነው የሚል የሐሰት መግለጫ በተነ። ጋዜጦችና ቴሌቪዥን ሳያጣሩ ተቀባበሉት። በማግስቱ ዓመት ያንኑ የዜና ውርጅብኝ ቆራርጠው አልበም አደረጉት። ወሬ ሳይጣራ እንዴት እንደሚዛመት እንደሱ አድርጎ ያሳየኝ ሥራ የለም። ቢሆንም በሰው ሐዘን ውስጥ መግባታቸውን እስካሁን አልዋጥኩትም፤ የምወዳቸው ሆኜም ይህን እላለሁ።

«ይኼ የፈረንጅ እብደት ነው» የሚል አይጠፋም፤ እኔም ጋ ተነስቶ ነበር። ለሱ መልሱን ይዘህ ሂድ። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር የሚባል ፈረንሳዊ ከተቀዳ የባቡር ድምፅ የሠራው ሙዚቃ በ1948 በሬዲዮ ሳይሰማ በፊት፣ ሃሊም ኤል ዳብህ የሚባል ግብፃዊ በ1944 ካይሮ ላይ የሴቶች የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ድምፁን ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ለውጦና አዛብቶ አዲስ ሥራ አውጥቶበታል። ዛር ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት የለብህም። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ የባህል ሙዚቃ ቡድኑን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም የመሠረተው እሱ ነው። ይህን ስናገር የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አገር እያለን ጩኸት ታሰማናለህ ሲለኝ የነበረው ሰውዬ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ እስከ መጨረሻም አመሸ።

እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደው የሬዲዮ ፕሮግራማቸውን ነው። የባንዱ አባል ዶን ጆይስ ከ1981 ጀምሮ በ2015 እስኪሞት በርክሌይ ከሚገኘው ኬፒኤፍኤ ጣቢያ ሌሊት ሌሊት ያቀርበው የነበረውን። የደወለ አድማጭ ያለ ሰላምታ አየር ላይ ይገባል፤ ያለው ነገር ከማስታወቂያው፣ ከዜናው፣ ከሙዚቃው ጋር እዚያው ይቀላቀላል። ማንም «ዘፋኙ ማነው?» አይለውም። አልበሞቹን ለሕዝብ አሰማ፤ ሬዲዮውን ግን ሰው ሲሄድና ሁለት ሦስት ሆናችሁ ስትቀሩ ክፈተው፣ ርዝመቱን የሚችሉት ያኔ ነው።

ካፌውን አግኝተህ ቀን ስትቆርጥ እዚሁ ጻፍልኝ። ሁለቱ ስፒከሮች አሁንም እኔ ጋ ናቸው፤ ሐረጎን ወርጄ አመጣልሃለሁ።