ልብን በደም መልስ በኩል ስለ መመገብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ፦ «አባታችን ሁለት ጊዜ ስቴንት (የጠበበ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ መረብ) ቢገባላቸውም ትንሽ ሲራመዱ ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል። የልብ ቧንቧዎቻቸው ስለቀጠኑ ለባይፓስ (ደሙ የተዘጋውን ቦታ ዞሮ እንዲያልፍ ሌላ ቧንቧ ለመቀጠል) አይመቹም ተብለናል። ደምን በደም መልስ በኩል ለልብ የሚያደርስ ቀዶ ሕክምና አለ የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ ሆኖም ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው። የልብን ጡንቻ የመገበው ደም በደም መልሶች ተሰብስቦ፣ በልብ ጀርባ በሚገኘው ኮሮናሪ ሳይነስ በተባለ ሰፊ ደም መልስ አልፎ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይገባል። ደም ቅዳዎችን የሚደፍነው የስብ ክምችት እነዚህን ደም መልሶች እምብዛም ስለማይነካ፣ «በመውጫው ብናስገባስ?» የሚለው ሐሳብ ሐኪሞችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያማልል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1898 ፕራት የተባለ ተመራማሪ የድመት ልብ በዚህ መንገድ ደም ሲሰጠው መምታቱን እንደሚቀጥል አሳየ። በ1940ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክላውድ ቤክ ከአኦርታ (ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ) ወደ ኮሮናሪ ሳይነስ ቧንቧ እየቀጠሉ በሕሙማን ላይ ሞከሩት። ሕመማቸው የቀለለላቸው ነበሩ፤ ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው ከባድና ገዳይ ስለነበረ፣ ቀጥተኛው ባይፓስ ሲስፋፋ ተተወ። ደም መልስ ዝቅተኛ ግፊት የለመደ ስስ ቧንቧ በመሆኑ፣ የደም ቅዳ ግፊት በድንገት ሲለቀቅበት ጡንቻው ሊያብጥና ሊደማ፣ ቧንቧውም ውሎ አድሮ ሊወፍርና ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የአንጂዮግራፊውን (የልብ ቧንቧዎች ምርመራ ምስል) ሲዲ ይዛችሁ ሌላ የልብ ቀዶ ሐኪም አማክሩ፤ «አይመችም» የሚለው ፍርድ ከሐኪም ሐኪም ይለያያል። ሙከራውን እንደ ተረጋገጠ ሕክምና አድርጎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ግን ባታምኑት ይሻላል።

ከሸዋ በር፣ ሐረር፦ «እናቴ ባይፓስ ሲደረግላቸው ከእግራቸው ደም መልስ ተወስዷል። ያው ይህ አይደለም?»

አይደለም። በእናትዎ ላይ የተደረገው የታወቀው ባይፓስ ነው፤ የእግሩ ደም መልስ ከተዘጋው ቦታ በታች ባለው ደም ቅዳ ላይ የተቀጠለ መተላለፊያ ብቻ ነው። በውስጡ ያሉት ቫልቮች ፍሰቱን እንዳያግዱም አብዛኛውን ጊዜ ገልብጠው ይሰፉታል።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ፦ «ደረት ሳይከፈት በአንገት በኩል የሚገባ የሽቦ መረብስ?»

ወገቡ የጠበበው ይህ መረብ በኮሮናሪ ሳይነስ ውስጥ ተቀምጦ መውጫውን ያጠባል፤ በዚህም የሚፈጠረው ግፊት ደሙን ወደ ተራበው ጡንቻ ያዞረዋል ተብሎ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የ104 ሕሙማን ጥናት፣ የደረት ሕመማቸው ቢያንስ ሁለት ደረጃ የቀነሰላቸው መረቡ ከገባላቸው 35 በመቶ፣ ካልገባላቸው 15 በመቶ ነበሩ። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ሕመሙ መቀነሱን ቢደግፍም፣ በምስል የተለካው የጡንቻው የደም አቅርቦት መሻሻሉን አላሳየም። ስለዚህ ሕመም ማቅለያ እንጂ ዕድሜ ማራዘሚያ መሆኑ አልተረጋገጠም።

ከመጋላ፣ ድሬዳዋ፦ «ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጫት በልኩ ብቅም ችግር አለው?»

አለው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ደም ቅዳዎችንም ያጠባል፤ በየመን የተደረጉ ጥናቶችም ጫትን ከድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት (ሃርት አታክ) ጋር አያይዘውታል። ከምርቃናው ጋር የሚጨሰው ሲጋራ ደግሞ ሌላ ዕዳ ነው። ለማንኛውም ዓይነት የልብ ሕክምና ቀጠሮ ካለዎት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደቃሙ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳይደብቁ ይንገሩ፤ የግፊትዎን መዋዠቅ አስቀድሞ እንዲዘጋጅበት ይረዳዋል።