በካፕሱል የሚተኮሱ የጥንት ሪቮልቨሮች ቅጂ፦ ስላረጁ የውስጥ ክፍሎች ጥያቄና መልስ

ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ ሲሊንደሩ (ጥይት የሚጎርሰው የሽጉጡ ተሽከርካሪ ክፍል) ባሩድም ሆነ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) እንደሌለበት በዓይን ከተረጋገጠ በኋላ ለሚሠራ ሥራ ናቸው።

ጥያቄ፦ የ1851ዱ ኮልት ኔቪ ቅጂ አለኝ። መዶሻውን በዝግታ ስስብ ሙሉ ጥርሱን (ለመተኮስ ዝግጁ የሚሆንበትን የመጨረሻ ማቆሚያ) ይይዛል፤ ሲሊንደሩ ግን ሳይቆለፍ ይቀራል። ያረጀው የትኛው ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ከመዶሻው ጋር ተያይዞ ሲሊንደሩን ከኋላ የሚገፋው ጣት ነው። ጫፉ በተበላ ቁጥር የሚገፋው ርቀት ስለሚያጥር፣ ቆላፊው ምላስ በሲሊንደሩ ዙሪያ ካሉት ጎድጓዳዎች አንዱ ውስጥ ሳይገባ መዶሻው ጉዞውን ይጨርሳል። ፈጥነው ሲስቡት ሲሊንደሩ በራሱ ግፊት ዞሮ ይቆለፍና ጉድለቱ ይሸፈናል፤ ስለዚህ በ6ቱም ክፍሎች ላይ በዝግታ ይፈትኑት። ያስቸገረው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ግን ጣቱን ከመውቀስ በፊት በሲሊንደሩ ጀርባ ያለውን የዚያን ክፍል ጥርስ ይመርምሩ። አዲስ ጣት ሲገጥሙ በደቃቅ ሞረድ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነክተው፣ መልሰው ገጥመው ይሞክሩ። ጣቱ ከረዘመ ሲሊንደሩ ቀድሞ ይቆለፍና መዶሻው ጥርሱን ሳይዝ ይቆማል፤ ካጠረ ደግሞ ሌላ ጣት ከመግዛት በቀር መላ የለውም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በሲሊንደሩ ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ጭረት ወጥቷል።

መልስ፦ ምላሱ ያለጊዜው እየወጣ ነው። የምላሱ እግር በመዶሻው ጎን ባለች ትንሽ ጉብታ ላይ ወጥቶ የሚወርድ በመሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲያልቅ ጊዜው ይዛባል። ምላሱን ይለውጡ እንጂ ጉብታዋን አይሞርዱ፤ የጠነከረው የብረቱ ቆዳ ስስ ስለሆነ ሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ቶሎ ይበላል። መዶሻውን ከግማሽ ጥርስ (ከመካከለኛው ማቆሚያ) መልሶ የማውረድ ልማድ ካለዎትም ይተዉት፤ ምላሱ ጎድጓዳ በሌለበት ያርፋል።

ጥያቄ፦ ሙሉ በሙሉ የተሳበውን መዶሻ በአውራ ጣት ስገፋው ምላጩ ሳይነካ ይወርዳል። ጥርሱን በሞረድ ልሳለው?

መልስ፦ አይሳሉት፤ አይተኩሱበትም። ምላጩን፣ ካልበቃም መዶሻውን ይለውጡ፤ የገጠመውንም ባለሙያ ይይልዎት።

ጥያቄ፦ ቶሎ ቶሎ የሚሰበረው የትኛው ነው?

መልስ፦ ለምላጩና ለምላሱ በጋራ የሚያገለግለው ባለ ሁለት እግር ጠፍጣፋ ሞላ፤ መለዋወጫው በእጅዎ ይኑር። ሆኖም አርጅቷል ተብሎ በመጣልኝ ሽጉጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት በመዶሻው መግቢያ ወድቆ የተቀረቀረ የካፕሱል ስብርባሪ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት፣ የብሎኑን ጎድጎድ ልክ በሚሞላ ካቻቢቴ ፈትተው ውስጡን ያጽዱ።